በኦስቲያ የተተከለው ድንኳን

ስለ ጣልያንኛዬ በሮም ሁለት ዓይነት አስተያየት ነበር። ሐበሾቹ «እሱማ እንደ ውኃ ይጠጣዋል» ይሉ ነበር። ጣልያኖቹ ምንም አይሉም፤ የምናገረው አይገባቸውም። እኔ የሐበሾቹን አስተያየት ይዤ ነበር የምኖረው። ሰው የሚስማማውን ነው የሚሰማ።

እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከወጣላችሁ ግን ኑሮ ይከብዳል። ፔርሜሶው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ ያለቀበት፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው፣ ከአሠሪዋ ከሲኞራዋ የተጣላች ሁሉ ጎትቶ ይወስዳችኋል። ከሄድኩ በኋላ ደግሞ «ይኼ አልገባኝም» የሚባለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ያልገባኝን በገባኝ እሞላዋለሁ። አንድ ጊዜ ሐኪሙ የአንዲት እኅታችንን ሕመም በረጅሙ ሲያስረዳ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ። «ብርድ ነው፤ ይለቅሻል ብሏል» አልኳት። ለቀቃት። እንግዲህ ተሳስቶ የነበረው ሐኪሙ ነው ማለት ነው።

ይህን ማስቀደሜ በዚያ በጋ ከሮም አጠገብ ባለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ ኦስቲያ ላይ የደረሰብኝን ስነግራችሁ እንዳትፈርዱብኝ ነው። በጋ ስል የጣልያንን በጋ ነው፤ አገር ቤት ክረምት ነው፤ ደርግም ገና አለ። እኔ ያኔ ጡረታ በወጡ አንድ ዳኛ ቤት እሠራ ነበር። ወጥ እሠራለሁ፣ ሸሚዝ እተኩሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ውሻ አናፍሳለሁ። አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ውሻው ይህን አያውቅም።

ማታ የምገባው ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር ነው። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ፣ ከሌሎች የአገራችን ሴቶች ጋር፣ እትዬ አስካለ ይኖሩ ነበር። እትዬ አስካለ የጽጌ እናት ናቸው። ጽጌ ደግሞ ለእኔ ሐሙስ ማለት ናት። ፊሳ ነበረች፤ አሠሪዎቿ ቤት እየሠራች እዚያው ነው የምታድረው። ከሳምንቱ የሷ የሆነው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። እኔም የማያት ያኔ ብቻ ስለሆነ የቀረውን ቀን ከዕድሜዬ አልቆጥረውም ነበር።

እናቷን ከብዙ ልፋት በኋላ ነው ከአዲስ አበባ ያስመጣቻቸው። እትዬ አስካለ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ የማይስቁ ሴት ናቸው። የማይስቁ ብቻ አይደሉም፤ አይከፉም፣ አይቆጡም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «እንዴት አደሩ እትዬ?» ስላቸው «ተመስገን» ይሉና ከላይ እስከ ታች ያዩኛል፤ የጎደለኝን አግኝተው ያልፋሉ። ጽጌ «እማዬ ድሮ እንዲህ አልነበረችም» ትለኛለች። ድሮ እንዴት እንደነበሩ አትነግረኝም፤ እኔም አልጠይቅም። በዚያ ዘመን ሮም ውስጥ የሰው ድሮ አይጠየቅም ነበር።

አንድ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ጽጌ ደወለች።

«ሲኞራዬ እንግዳ አለብኝ ብላ ሐሙሴን ወሰደችብኝ» አለች። «እማዬን ኦስቲያ ልወስዳት ቃል ገብቼላት ነበር። አንተ ትወስድልኛለህ?»

«ኦስቲያ ምን ሊያደርጉ?»

«ሐኪሙ ለጉልበቷ የባሕር አየር ያስፈልጋታል ብሏል አላልከኝም እንዴ?»

ብያለሁ። ሐኪሙ ያለው ግን ባሕር ሂጂ ይሁን ጨው ቀንሺ፣ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። አሎራ፣ እንግዲህ የራሴ ትርጉም ነውና ተሸክሜው ሄድኩ።

ባቡሩን የሞላው ሰው ግማሹ ልብሱን ቤቱ ትቶ የመጣ ነው። እትዬ አስካለ በሐበሻ ቀሚሳቸውና በነጠላቸው ከመሐል ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከባቡሩ ጣራ ላይ ሳያነሡ ኦስቲያ ደረሱ። እኔ በመንገዱ ሁሉ ስለ አየሩ፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ባሕር ጥቅም ሳወራ ነበር። ስንወርድ «ጨረስክ?» አሉኝ። በዚያ ቀን ለእኔ የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነው።

ያን ሰሞን እዚያ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ፌስቲቫል ነበር። ይህን ያወቅኩት ኋላ ነው፤ ያን ዕለት ያየሁት ባንዲራና ብዙ ጥቁር የለበሰ ሰው ብቻ ነው። ከጀልባዎቹ ማረፊያ አንሥቶ እስከ መዋኛው ድረስ ነገር ተደርድሯል። አንዱ ጀልባ በዳቦ ተሞልቶ ቆሟል። ቀጥሎ አንዲት ወጣት በዓሣ መረብ ተጠቅልላ ምሰሶ ተደግፋለች፤ አፏም በጨርቅ ታስሯል።

«ለምን አትፈታትም?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«በፈቃዷ ነው እትዬ።»

«ማን አለ?»

«እሷ ነቻ።»

«አፏ ታስሮ?»

መልስ ስፈልግ እሳቸው ቆም አሉ። ከፊታችን ከባሕሩ ዳር ነጭ ድንኳን ተተክሏል። ሁለት ጎኑ ክፍት ነው። ውስጡ ጥቁር ወንበሮች ወዲያና ወዲህ ሆነው፣ ፊት ለፊት ተያይተው ተደርድረዋል። አንድም ሰው አልተቀመጠም። ጣልያኖቹ ውጭ፣ ከገመዱ ወዲህ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ዝም ብለው ቆመዋል።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«ማን ነው የሞተው?»

እስቲ ፍረዱ። ነጭ ድንኳን፣ ትይዩ ወንበር፣ ዝም ያለ ሰው። ከእኛ አገር የመጣ ሰው ሌላ ምን ይላል? ደጁ ላይ ሰሌዳ አለ፤ ሄጄ አነበብኩ። በትልቁ «ላቴሳ» ይላል። «ላቴሳ» በጣልያንኛ «መጠበቅ» ማለት ነው አሉ። ያኔ ግን ይህን የነገረኝ የለም።

«አቶ ላቴሳ የሚባሉ ሰው ናቸው» አልኩ።

«ውይ፣ የኛ ሰው!» አሉ እትዬ አስካለ። «የወለጋ ሰው መሆን አለባቸው።»

«ሳይሆኑ አይቀሩም።»

ገመዱ አጠገብ የቆመው ዘበኛ ወደ እኛ መጣ። ነገሩን ለማጣራት «ምንድን ነው ይኼ?» አልኩት። «ኢንስታላትዚዮኔ» አለኝ፤ ለካ እንዲህ ተተክሎ የሚታይን የጥበብ ሥራ ነው እንደዚያ የሚሉት። እኔ ግን ቃሉን የማውቀው የዳኛውን የውኃ ማሞቂያ ከገጠመው ሰውዬ ነው። ገና ተከላ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ሰው ውስጥ ያልገባው ብዬ ስዞር፣ እትዬ አስካለ በገመዱ ሥር ጎንበስ ብለው አልፈዋል። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ቆሞ ማየት የባለጌ ሥራ ነው። ገብተው በሴቶቹ በኩል ተቀመጡ። ዘበኛው «ሲኞራ! ሲኞራ!» አለ። እኔም እሳቸውን ለማስወጣት ገባሁና በወንዶቹ በኩል ተቀመጥኩ። ቆሜ ላነጋግራቸው አልችልም፤ ነውር ነው።

«የሐዘኑ ባለቤቶች የታሉ?» አሉኝ።

«ወደ ውስጥ ናቸው።»

«ወደ የት ውስጥ?»

ከድንኳኑ ኋላ ያለው ባሕር ብቻ ነው።   እትዬ አስካለ ባዶውን ወንበር አንድ በአንድ ተመለከቱ። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ።

መጀመሪያ በቀስታ ነበር፤ በኋላ ድምፅ አወጡ። ደረታቸውን መቱ። «ወይኔ አንበሳዬን! ወይኔ ልጄን! በደጄ ላይ!» አሉ። አቶ ላቴሳን «ልጄ» ማለታቸው ትንሽ ገርሞኝ ነበር፤ ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ልጅ ነው ብዬ አለፍኩት። የማላውቀውን ሰው እንዲህ ማልቀስ ስላልቻልኩ አንገቴን ደፋሁ። ዘበኛው እጁን ዘርግቶ እንደቆመ ቀረ። ሰዉ ተሰበሰበ። ካሜራ መጣ። አንዲት ልጅ አይስክሬሟ ክንዷ ላይ እየቀለጠ ታየን ነበር።

ሲበቃቸው እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ያን ጊዜ ጣልያኖቹ አጨበጨቡ።

እትዬ አስካለ ቀና አሉ። «ለምንድን ነው የሚያጨበጭቡት?»

«ልማዳቸው ነው እትዬ። እዚህ አገር ለሟች ይጨበጨባል።»

ይህ በነገራችን ላይ እውነት ነው፤ ጣልያን ሬሳ ሲወጣ ያጨበጭባል። በዚያ ቀን ከተናገርኩት ውስጥ እውነት የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ከሰዉ መሐል አንድ የሠራተኛ ቱታ የለበሰ መላጣ ሰውዬ ሮጦ መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ስሙ ፋብሪትዚዮ ነው። የድንኳኑ ባለቤት እሱ መሆኑን ተረዳሁ፤ እግዚአብሔር ያጽናህ አልኩት። እሱ ግን በጣም ደስ ብሎታል። ሐዘን እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ። ብዙ ተናገረ። ከሁሉም «ዶሜኒካ» እና «አሚቺ» የሚሉት ሁለት ቃላት ገቡኝ፤ እሑድ፣ ወዳጆች።

«ሠልስቱ እሑድ ነው፤ ሰው ይዛችሁ ኑ ይላል» አልኩ።

«ሠልስትማ በሦስተኛው ቀን ነበር» አሉ እትዬ አስካለ። ትንሽ አሰቡና፣ «ቫ ቤኔ፣ ይሁን። ሰው ሥራ ላይ ነው፤ እሑድ ይሻላል» አሉ። ጣልያንኛ ሲናገሩ ስሰማቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ሐበሻ ሁሉ የሚገናኘው ቴርሚኒ ጣቢያ ነው። በመልሳችን እዚያ ስንደርስ እትዬ አስካለ ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ነበርና ሰው «ምነው?» አለ። «አቶ ላቴሳ የሚባሉ የወለጋ ሰው ኦስቲያ ላይ አርፈው» አሉ። እንዲያ ነው የተጀመረው። በማግስቱ ኤስኲሊኖ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ አንዱ ትከሻዬን ይዞ «ላቴሳን ሰማህ?» አለኝ። «ካርቱም አብረን ነበርን። እንዴት ያለ ሰው መሰለህ!» ሌላው ሲስቅ ጥርሱ ያምርበት እንደነበር ነገረኝ። ቅዳሜ ላይ ደግሞ ከመሞታቸው በፊት ብዙ ተሠቃይተዋል ተባለ። አንዲት ሴት ከመርከብ ወድቀው ነው ብላ ማለችልኝ። እኔ ራሴ ቅዳሜ ማታ የሰውየውን መልክ እያስታወስኩ ነበር።

በሮም ያለን ሰዎች በዚያን ጊዜ በአንድ ጣራ ሥር አንቀመጥም ነበር። ያኛው የዚህ ድርጅት ነው፣ ይኼኛው የዚያ ግንባር ነው፤ አንዱ ለመንግሥት ወሬ ያቀብላል ይባላል። ሰርግ እንኳ ሲኖር ሰው መጀመሪያ የሙሽራውን መስመር ያጣራል። የአቶ ላቴሳን መስመር ግን የሚያውቅ ጠፋ። ሁሉም ብቀር ይታዘቡኛል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ሁሉም መጣ።

እሑድ ባቡሩ ነጠላ በነጠላ ሆነ። ዋናተኞቹ ጣልያኖች በተራቸው ጣራ ጣራውን ያዩ ነበር። ጽጌ ጥቁር ለብሳ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ላቴሳ ማን ነው?» አለችኝ በቀስታ። «እማዬ ላቴሳ የሚባል ሰው አታውቅም።»

«እኔም አላውቀውም። ግን እናትሽ አምርረው ነው ያለቀሱለት።»

ፊቷ ተለወጠ። «እማዬ አለቀሰች?»

«አዎ።»

«በእንባ?»

«በእንባ ነዋ! በምን ይለቀሳል?»

ወደ መስኮቱ ዞረች።  ጥፋቴን ፈልጌ አጣሁት፤ ብዙ ጥፋት ስለነበረኝ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ፋብሪትዚዮ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ራሱን ያዘ። በዚያ ቀን የፌስቲቫሉ መዝጊያ ነው፤ ሽልማት የሚሰጡ ዳኞች ሊመጡ ነው። እኛ ገብተን ወንበሩን ያዝን፤ ያልደረሰው ቆመ። ሴቶቹ ንፍሮ አዞሩ። ከዳኞቹ አንዷ፣ አንገቷ ላይ መነጽር ያንጠለጠለች ሴት፣ ንፍሮውን በጣቷ ነክታ ለጓደኛዋ አንድ ነገር ሹክ አለች። ጋሽ ተስፋይ እፍኝ ሙሉ አንሥቶ ሰጣት፤ «በጣት ይነካካል እንዴ! ብዪ እንጂ» አላት በአማርኛ። በላች። ማስታወሻ ያዘች።

ጋሽ ተስፋይ የአሥመራ ሰው ነው፤ በአማርኛ የተማረ፣ ልጅ ሳለ ዲያቆን የነበረ፣ ሮም ላይ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ የሚሸከም። ቄስ ስላልተገኘ ጸሎቱን እሱ እንዲያደርስ ተለመነ። ተነሣ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«የሟቹ የክርስትና ስም ማን ነው?»

 ያ ካርቱም አብሬው ነበርኩ ያለው ሰው የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ሁሉም እኔን ያያል። ለቅሶውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጣልያኑን የማነጋግረው እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ አፌን ስከፍት የሆነ ነገር ይወጣ ነበር።

«ጋሽ ተስፋይ…» አልኩ፤ «እንደው ነገሩ…»

«ወልደ ሚካኤል በለው» አሉ እትዬ አስካለ።

«የአቶ ላቴሳ?» አለ ጋሽ ተስፋይ።

«የልጄ።»

ከወንበራቸው አልተነሡም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ገበያ ዋጋ እንደሚናገር ሰው በተረጋጋ ድምፅ ተናገሩ።

«ልጄ ብርሃኑ ይባላል። የዚች ታላቅ ነው። ጠዋት በሬን ስከፍት ደጄ ላይ ጥለውት አገኘሁት። ቀበሌዎቹ ቆመው ነበር። ያለቀሰ አብሮት ይሄዳል አሉኝ። ይቺ ቤት ውስጥ ነበረች። ስለዚህ አላለቀስኩም። አንሥተው ሲወስዱት መጥረጊያ አመጣሁና ደጄን ጠረግኩ። ጎረቤት ሲያልፍ ‹እንዴት አደራችሁ› አልኩ። ድንኳን አልተከልኩለትም። የላቴሳን ቤተሰቦች ይቅርታ ጠይቁልኝ፤ በሰው ድንኳን የራሴን ነው ያለቀስኩት።»

ጽጌ እግራቸው ሥር ወደቀች። ያን ለቅሶ አልገልጸውም። ከዚያ ከወንዶቹ በኩል አንዱ ተነሥቶ «ወንድሜ ጌታቸው» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። አንዲት ሴት «አባቴ» አለች። ከወዲያ «ሁለቱ እኅቶቼ» ተባለ። ጋሽ ተስፋይ የራሱን ልጅ ስም በትግርኛ ተናገረ። ለመንግሥት ወሬ ያቀብላል የሚባለው ሰውዬ ሳይቀር ጥቁር መነጽሩን አውልቆ የእናቱን ልጅ ስም ተናገረና ተቀመጠ። አጠገቡ የነበረው፣ በመንገድ ሲያየው የሚሻገረው ሰው፣ መሐረብ ሰጠው። ድርጅት የጠየቀ የለም። ጋሽ ተስፋይ ስሙን ሁሉ እየተቀበለ ጸሎቱ ውስጥ አስገባው፤ ጸሎቱ ረዘመ።

ፋብሪትዚዮ ክንዴን ይዞ «ኬ ሱቼዴ?» አለኝ፤ ምን እየሆነ ነው? ፈገግታው ጠፍቷል።

በዚያን ሰዓት የማላውቀውን በማውቀው መሙላት አልፈለግኩም። የማውቀውን ብቻ ፈለግኩ፤ ጥቂት ነበር። እትዬ አስካለን አሳየሁትና «ፊልዮ» አልኩ፤ ልጅ። «ሞርቶ» አልኩ፤ ሞቷል። ቀጥሎ ያለውን እንዴት እንደምለው ጨነቀኝ። «ቪየታቶ» የሚለውን ቃል የተማርኩት ከየግድግዳው ነው፤ ማጨስ ክልክል ነው፣ መኪና ማቆም ክልክል ነው።

«ፒያንጀሬ ቪየታቶ» አልኩት። ማልቀስ ክልክል ነው።

ደግመህ በል አለኝ። ደገምኩት። ጣልያን አገር ከገባሁ ወዲህ እንዲህ ሙሉ በሙሉ የተረዳኝ ሰው አልነበረም። ሄደና በድንኳኑ ዙሪያ ያለውን ገመድ ፈታ። ፎቶ የሚያነሣውን ሰውዬ ካሜራውን በእጁ ዝቅ አደረገበት። ከዚያ መጥቶ በወንዶቹ በኩል፣ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ወንበር አልነበረም።

ሽልማቱን ዳቦ የሞላው ጀልባ ወሰደው። የእኛን ድንኳን ዳኞቹ «እውነታው በዝቶበታል» ብለው ተቹት አሉ።

በመልሳችን ባቡር ውስጥ ከእትዬ አስካለ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ጽጌ ትከሻቸው ላይ ተኝታለች። ዳኞቹን ካየሁ በኋላ ድንኳኑ የለቅሶ አለመሆኑ ገብቶኝ ነበርና መናዘዝ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ አቶ ላቴሳ የሚባል ሰው…»

«የለም» አሉ። «ሐሙስ ዕለት ያቺ ልጅ አይስክሬሟን ይዛ ስታየኝ ገብቶኛል። የላቴሳን ቤተሰቦች ይቅርታ ጠይቁልኝ ያልኩትም አንተ እንዳታፍር ብዬ ነው።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተነሡም?»

«ተቀምጬ እኮ ነበር ልጄ። ተነሥቼ የት እሄዳለሁ?»

ልጄ አሉኝ። ከላይ እስከ ታች አላዩኝም።

አርባው በፍልሰታ ላይ ዋለ። እትዬ አስካለ በዚያው በቦታው ካልሆነ አሉ፤ ጽጌና እኔ ይዘናቸው ሄድን። ድንኳኑ ተነሥቷል፤ በቦታው አንድ ሰውዬ ጃንጥላና ወንበር ዘርግቶ አይስክሬም ይሸጣል። እትዬ አስካለ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ሳያዝዙ መቀመጥ አይቻልም አለ ሰውየው። ጾም ስለሆነ ወተት አይነካም፤ ከሎሚና ከተፈጨ በረዶ የሚሠራውን ግራኒታ አዘዝን። የጾሙ ሰዓት አልፎ ነበርና ቀመሱት። ፊታቸው ተኮማተረ፤ ደግመው ቀመሱት። ከዚያ «ዝክር ነው፤ የሚያልፈው ሁሉ ይቅመስ» አሉ።

አርባ የሚዘከረው ለነዳያን ነው። የኦስቲያ ነዳያን የዋና ልብስ የለበሱ ናቸው። ቆሜ ያለፈውን ሁሉ መጥራት ያዝኩ። ሽማግሌዎች መጡ፣ ሕፃናት ያዘሉ እናቶች መጡ፣ ፀሐይ ያቃጠላቸው ጎረምሶች መጡ። እትዬ አስካለ በሁለት እጃቸው ያድላሉ። አንድ ደረቱ የነጣ ሽማግሌ ብርጭቆውን እንደያዘ የምን ድግስ እንደሆነ ጠየቀኝ። አሁን ጣልያንኛዬ ተሻሽሏል፤ «የልጃቸው ነው፤ ብርሃኑ ይባላል» አልኩት። ሽማግሌው ፊቱ በራ። ወደ ሌሎቹ ዞሮ ነገራቸው፤ ሁሉም ብርጭቋቸውን ወደ እትዬ አስካለ ከፍ አድርገው በአንድ ድምፅ «አውጉሪ!» አሉ። «አውጉሪ» ለልደትና ለሰርግ የሚባል የእንኳን ደስ አለዎ ነው።

ጣልያንኛዋ ከእኔ በብዙ የሚሻለው ጽጌ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን አሉ?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«ነፍስ ይማር ነው ያሉት።»

ጽጌ አላረመችኝም።

«አሜን በላቸው» አሉኝ።

ጣልያኖቹን «ግራትሲዬ» ብዬ አመሰገንኳቸው።